የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሕይወትና የማኅበርዋ ማዕድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሶር ወንዝ አገር በመቱ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት በኢሉባቦር አጥቢያዎች እናቶች በየወሩ በቅዱሳን ስም፣ ይልቁንም በእመቤታችን በድንግል ማርያም ስም ማኅበር ይጠጣሉ። የተረኛዋ ቤት ይጠረጋል፤ ሣር ይጐዘጐዛል፤ ዳቦው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀርባል፤ ካህኑ ጸልዮ ይባርካል፤ ማዕዱም ካበቃ በኋላ ጽዋው ለሚመጣው ወር ተረኛ በእልልታ ይሰጣል። ይህ ሥርዓት በየወሩ የሚታይ ስለ ኾነ ለብዙ ሰው እንደ ትንሽ ነገር ይመስለዋል። ነገሥታት በዙፋን፣ ጀግኖች በጦር ሜዳ የሠሩት ይጻፋል፤ ሴቶች በአንድ መሶብ ዙሪያ የሠሩት ግን ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል።

ነገር ግን ከ400 ዓመት በፊት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ላይ ብርቱ ፈተና በመጣ ጊዜ ሃይማኖትን አጽንተው ከያዙት መካከል አንዲት ሴትና በዙሪያዋ የተሰበሰቡት እኅቶች ይገኛሉ። ስምዋ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ነው። በዚህ በኢዮቤልዩ ጊዜ፣ ደብሩ ያለፈውን ዘመን ቈጥሮ አምላኩን በሚያመሰግንበት ወራት፣ ሕይወትዋን ማስታወስ ይገባል፤ ማኅበር ለምን እንደ ተሠራና በመከራ ቀን ምን ያህል ኀይል እንዳለው ከእርስዋ በላይ ያሳየ ጥቂት ነውና።

ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው በ1584 ዓ.ም. ነው። አባትዋ ባሕር ሰገድ፣ እናትዋም ክርስቶስ ዕበያ ይባሉ ነበር። ወገንዋ ከደዋሮና ከፈጠጋር ባላባቶች ነበረና በጌታ ቤት፣ በክብርና በጥጋብ አደገች። ወላጆችዋም ሃይማኖተኞች ነበሩ፤ በ80 ቀንዋ ተጠመቀች፤ አባትዋም አብልጦ ይወዳት ነበር። ዕድሜዋ ለጋብቻ ሲደርስ እንደ አገሩ ልማድ ለታላቅ ሰው ተዳረች። ባልዋ መልክዐ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ አማካሪና የጦር አለቃ ነበረ። ስለዚህ ወለተ ጴጥሮስ ወርቅና ሐር፣ ባሪያና ገረድ ሳይጐድላት በቤተ መንግሥት አጠገብ ኖረች።

ዳሩ ግን የዚህ ዓለም ጥጋብ ሐዘንን አይከለክልም። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ሦስት ጊዜ ምጥ፣ ሦስት ጊዜ ለቅሶ የደረሰባት እናት ልብዋ ከቤትዋ ሀብት ተለየ። ሌሊቱን በጸሎት፣ ቀኑን በጾምና ድኾችን በማብላት ታሳልፍ ጀመር። ልጅ የሞተባት ሴት ከሰው መካከል ርቃ በሐዘንዋ ብቻዋን ልትቀር ትችላለች፤ ወለተ ጴጥሮስ ግን ሐዘንዋን ይዛ ወደ እግዚአብሔርና ወደ ድኾች ሄደች። በኋላ ለብዙዎች እናት የኾነችውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚያም ዘመን ከሮም የመጡ ኢየሱሳውያን የሚባሉ መነኮሳት በቤተ መንግሥት ተሰሚነት አግኝተው ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ አስቀድሞ በስውር፣ ኋላም በግልጥ ወደ ሮም ሃይማኖት አዘነበለ። አገሩም በዚህ ነገር ተከፈለ። በ1609 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ስምዖን ከንጉሡ ጋር ባልተስማሙት ሰዎች መካከል ሳሉ በጦርነት ተገደሉ። መልክዐ ክርስቶስም ከንጉሡ ወገን ተሰልፎ በዚህ ነገር እጁ ነበረበት።

ወለተ ጴጥሮስ ከዚህ አስቀድማ ለመመንኰስ በሌሊት ከቤትዋ ወጥታ በጣና ባሕር ዙሪያ ወዳሉት ገዳማት ሸሽታ ነበር። ባልዋም ጭፍራውን ይዞ ፈለጋት፤ ተሸሽጋበታለች ያለውንም ከተማ አጠፋ። እርስዋም በእርስዋ ምክንያት ድኻ ሕዝብ መከራ ማየቱን በሰማች ጊዜ ራስዋን ለማዳን አላሰበችም፤ ስለ እነርሱ ብላ ወደ ባልዋ ተመለሰች። ይህ ሥራዋ በጥልቅ ሊመረመር ይገባዋል። ምንኵስናን የፈለገችው ከሰው ለመሸሽ ቢኾን ኖሮ የሕዝቡ ዕንባ ባልመለሳት ነበር። ነገር ግን ለራስዋ ነፍስ ብቻ የምታስብ ስላልነበረች ጽድቅን በሌላው ሥቃይ ልትገዛ አልወደደችም።

ከተመለሰችም በኋላ ባልዋ በአቡነ ስምዖን ሞት ውስጥ እንዳለበት ዐወቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእርሱ ጋር በአንድ ማዕድና በአንድ መኝታ መኖር አልተቻላትም፤ እንደ ገና ለይታው ወጣች፤ ይህም መለየት የመጨረሻ ኾነ። የጠጕርዋን ውበት ተላጭታ፣ የሐር ልብስዋን ጥላ፣ በ25 ዓመት ዕድሜዋ ገደማ የምንኵስናን ቆብ ደፋች። በገረዶች ስትገለገል የነበረችው እመቤት ከዚያ ወዲህ ወፍጮና እንስራ የምታውቅ፣ እንደ ታናሽ አገልጋይ የምትላላክ ኾነች።

በዚያው ወራት እግዚአብሔር ጓደኛ ሰጣት። እኅተ ክርስቶስ የምትባል እርስዋም ቤትና ትዳር የነበራት ወይዘሮ ዓለምን ንቃ መንኵሳ ነበረች። በመንፈሳዊ አባት ምክር ተገናኙ፤ በተያዩም ጊዜ ከጥንት እንደሚተዋወቁ ኾኑ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ እስከ ሞት አልተለያዩም። አንዲቱ የጴጥሮስ ልጅ፣ አንዲቱም የክርስቶስ እኅት ይባላሉ፤ በስማቸው ውስጥ እንኳ ቤተ ዘመድነት አለ። በኋላ ብዙ ሕዝብ የተሰበሰበበት ማኅበር የተጀመረው በእነዚህ በሁለቱ ፍቅር ነው። ማኅበር በቍጥር ብዛት አይጀመርም፤ ሁለት ሰዎች አንዳቸው የአንዳቸውን ሸክም ሲሸከሙ ያን ጊዜ ተጀምሯል።

በ1614 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት መቀበሉን በይፋ ገለጠ። ኋላም በ1617 ዓ.ም. አልፎንዙ ሜንዴዝ የተባለው ፓትርያርክ ከአውሮጳ መጣ፤ በ1618 ዓ.ም. ንጉሡና መኳንንቱ በፊቱ ለሮም መታዘዛቸውን በመሐላ አጸኑ። ሰንበተ አይሁድን ማክበር ተከለከለ፤ የቀድሞው ክህነትና ጥምቀት ተነቀፈ፤ ታቦትና ቅዳሴም እንዲለወጥ ታዘዘ። ብዙ መኳንንት ስለ ሹመታቸው ብለው እሺ አሉ። ከወይዘሮዎቹ ግን፣ ከንጉሡም ዘመዶች ሳይቀር፣ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት አንለቅም ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ባል በሸንጎ የማለውን ሚስት በጓዳ አልተቀበለችም፤ ይህም የዚያ ዘመን ታላቅ ምስክርነት ኾኖ ይኖራል።

ወለተ ጴጥሮስም ከአገር ወደ አገር እየዞረች ሕዝቡ በተዋሕዶ ሃይማኖት እንዲጸና ታስተምር፣ ከአባቶቹ ሃይማኖት የወጣው ንጉሥ ስሙ በቅዳሴ እንዳይጠራ ትመክር ጀመር። ንጉሡም ሰምቶ ተቈጣ፤ አስይዞም በአደባባይ አቆማት። መኳንንቱና ሊቃውንቱ ተሰብስበው፣ ዘመዶችዋም ለሞት እንዳትሰጥ እየፈሩ በቆሙበት በዚያ ሸንጎ እርስዋ አልተናወጠችም። ንጉሡ ሊገድላት ባሰበ ጊዜ የቀድሞ ባልዋ መልክዐ ክርስቶስ ስለ እርስዋ ለመነ፤ ከሞትም ተረፈች።

ከዚህም በኋላ ወደ ዋልድባና ወደ ጸለምት ወርዳ እንደ ገና አስተማረች። ንጉሡም ሁለተኛ አስመጣትና አልፎንዙ ሜንዴዝ በየቅዳሜው እየመጣ እንዲያስተምራት፣ አሳቧንም እንዲመልስ አዘዘ። እርሱ የተማረ፣ በብዙ መጻሕፍት የሠለጠነ ሰው ነበር፤ ቢኾንም ልብዋን ሊያዞረው አልተቻለውም። የስምዋን ምሥጢር ለሚመለከት ሰው እዚህ ላይ ሰምና ወርቅ አለ፤ ከሮም የመጡት መምህራን የቅዱስ ጴጥሮስን መንበር ይዘናል ብለው መጡ፤ ፊት ለፊት የቆመችላቸው ግን የጴጥሮስ ልጅ ተብላ የተጠራች ሴት ኾነች። እነርሱ ጴጥሮስን በመንበሩ ሲፈልጉት እርስዋ በእምነቱ ዐለትነት አገኘችው።

ንጉሡም መመለስዋን ተስፋ በቈረጠ ጊዜ ወደ ዠበይ አጋዛት። ዠበይ በሱዳን ወሰን አጠገብ ያለ፣ ሙቀቱና ንዳዱ የበረታ ቈላ ነው። በዚያ ብቻዋን በግዞት ትቀር ዘንድ 3 ዓመት ተፈረደባት። እዚያም በሚጠብቃት ሰው ብዙ መከራ ተቀበለች፤ የምትበላውና የምትጠጣው ጐደላት፤ በሽታም ደረሰባት። ንጉሡ ያሰበው ከወገን ተለይታ ስትኖር ስምዋ እንዲረሳ፣ ቃልዋም እንዲጠፋ ነበር።

የኾነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ስለ ሃይማኖታቸው ከየአገሩ የተሰደዱ ወንዶችና ሴቶች ወደ ግዞትዋ ስፍራ ተከትለዋት መጡ። የነበራቸውን ጥቂት እህል ባንድ ላይ አኖሩ፤ ባንድ ላይ ጸለዩ፤ ባንድ ላይ ተመገቡ። የመጀመሪያው የወለተ ጴጥሮስ ማኅበር የተመሠረተው በጥጋብ ከተማ ሳይኾን በረኀብ ምድር ነው። በቤተ መንግሥት ሳለች በገበታዋ ዙሪያ ብዙ እንግዳ ነበረ፤ ነገር ግን ያ ማኅበር አልተባለም። በዠበይ ግን የደረቀ እንጀራ የሚካፈሉ ስደተኞች በተሰበሰቡ ጊዜ ማኅበር ተባለ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው፤ ማዕድን ማኅበር የሚያደርገው የወጡ ብዛት ሳይኾን የሚካፈሉት ሰዎች አንድ ልብ መኾን ነው።

ሦስቱ ዓመት ሲፈጸም ከግዞት ወጣችና በደምቢያ አገር በጣና አጠገብ ጫንቋ በሚባል ስፍራ ተቀመጠች። ወዲያው ከየስፍራው ተበትነው የነበሩት ወደ እርስዋ ተሰበሰቡ። በአገሩም ላይ ጦርነትና ሐዘን በዝቶ ነበርና ዐፄ ሱስንዮስ ሕዝቡን በግድ መለወጥ እንደማይቻለው ተረዳ። በሰኔ 1624 ዓ.ም. እያንዳንዱ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገረ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ዐረፈ። ዐፄ ፋሲል የቀድሞውን ሃይማኖት መለሰ፤ የውጭ አገር መምህራንንም ከአገር አስወጣ።

ብዙ ሰው ጦርነት ሲያልቅ ወደ ቤቱ ተመልሶ ያርፋል። ወለተ ጴጥሮስ ግን ሰላም በመጣ ጊዜ ሥራዋን አበዛች። ከዠበይና ከጫንቋ ሌላ በምጽሌ፣ በዘጌ፣ በደምቦዛ፣ በአፈር ፈረስና በዘምቦል ማኅበሮችን አቆመች፤ ኹሉም ሲቈጠሩ 7 ናቸው። በውስጣቸውም የወይዘሮ ልጅና የአገልጋይ ልጅ፣ ባለጸጋ የነበረችና ለማኝ የነበረች ባንድ ሥርዓት ይኖሩ ነበር። በሐዋርያት ዘመን በኢየሩሳሌም እንደ ነበሩት ምእመናን ገንዘባቸው የጋራ ነበረ፤ የእኔ ነው የሚል ቃል በመካከላቸው እንዳይሰማ እመ ምኔቲቱ ትጠነቀቅ ነበር። ወንዶችና ሴቶች በየክፍላቸው ሥርዓታቸውን ይጠብቃሉ፤ ካህናት ይቀድሳሉ፤ ማኅበሩን ግን የምትመራው እርስዋ ነበረች፤ መነኮሳቱም ምክርዋን ይሰሙ ነበር።

ይህ ኹሉ ያለ ችግር አልተፈጸመም። ሰው ሲበዛ እህል ያንሳል፤ እህል ሲያንስ ማጕረምረም ይመጣል። በሽታም ማኅበሩን እየጐበኘ ስፍራ ያስለውጣቸው ነበር። ወለተ ጴጥሮስ ሕሙማንን ስትጐበኝ፣ የተጣሉትን ስታስታርቅ፣ ሥርዓት ያፈረሰችውን ስትገሥጽ ዕድሜዋን ፈጸመች። ተግሣጽዋ ብርቱ እንደ ነበረ፣ ርኅራኄዋም ከተግሣጽዋ እንደማያንስ ታሪክዋን የጻፉ ደቀ መዛሙርት መስክረዋል። ማኅበርን ማቆም አንድ ነገር ነው፤ ማኅበርን በፍቅር ጠብቆ ማኖር ግን ዕለት ዕለት የሚሠራ ገድል ነው።

በመጨረሻም 3 ወር ታማ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በ50 ዓመት ዕድሜዋ ዐረፈች። በጣና ባሕር ውስጥ ባለችው በሬማ ደሴት ተቀበረች። ከእርስዋም በኋላ እኅተ ክርስቶስ ማኅበሩን ተረክባ እስከ ዕለተ ሞትዋ መራችው። ጥቂት ዓመት ቈይቶ ዐፄ ፋሲል በጣና ዳር በቋራጣ ለማኅበሩ ርስት ሰጠ፤ ቤተ ክርስቲያኑም በወለተ ጴጥሮስ ስም ተጠራ። ቋራጣም ከንጉሥ ቍጣ የሸሸ ሰው የሚጠጋባት የመማፀኛ ስፍራ ኾነች። ንጉሥ ያሳደዳት ሴት ንጉሥ ያሳደደው ሰው የሚጠለልባት ጥላ ኾነች፤ የእግዚአብሔር ፍርድ እንዲህ ነው።

ገድልዋም ዕረፍትዋ ከኾነ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1665 ዓ.ም. ገደማ፣ ገላውዴዎስ በሚባል መነኵሴ በግእዝ ተጻፈ። በሕይወትዋ ሳለች ያዩዋትና አብረዋት የተመገቡ ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩና ከእነርሱ እየጠየቀ ጻፈ። ስለ አንዲት የአፍሪቃ ሴት ሕይወት በመጽሐፍ ከተጻፉት ከቀደምቶቹ አንዱ በመኾኑ በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድም የታወቀ ነው፤ በእኛ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ አገር በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ታትሟል። የማኅበር እኅቶች ትዝታ ባይኖር ኖሮ ገላውዴዎስ የሚጽፈው ባላገኘ ነበር።

ጣና ከሶር ሩቅ ነው፤ ፈተናው ግን ሩቅ አይደለም። ከመቱ ብዙ በማይርቀው በጎሬ የነበሩት አቡነ ሚካኤል በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። በ1929 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ጎሬን በያዘ ጊዜ ለወራሪው አልገዛም ብለው በዚያው በጎሬ በጥይት ተገደሉ። ወለተ ጴጥሮስን በዠበይ ያጸናው እምነት አቡነ ሚካኤልን በጎሬ አጸና። የኢሉባቦር ምእመናንም ያ ዘመን ካለፈ በኋላ እንደ ገና በየአጥቢያቸው ተሰበሰቡ፤ ደወሉ ተደወለ፤ ጽዋውም ከቤት ወደ ቤት መዞሩን ቀጠለ።

የወለተ ጴጥሮስ የዕረፍት በዓል ኅዳር 17 ነው። ይህም ቀን የእናቶች ማኅበር በብዙ ስፍራ ከሚሰበሰብበት ከኅዳር ጽዮን፣ ማለት ከኅዳር 21፣ 4 ቀን ይቀድማል። የነቢያት ጾምም ኅዳር 15 ስለሚገባ ሁለቱም በዓላት ኹልጊዜ በጾም ውስጥ ይውላሉ። በእነዚህ ቀናት በሬ አይታረድም፤ ቅቤና ወተት አይቀርብም፤ ንፍሮና ዳቦ፣ የሽሮ ወጥና የጫካው ጥላ ያሳደገው የኢሉባቦር ቡና ይበቃል። ይህ እንዲያው የኾነ አይመስልም። በግዞት ረኀብ ማኅበርን የመሠረተች እናት መታሰቢያዋ በጾም ማዕድ መኾኑ እጅግ ይስማማል።

እንግዲህ የማኅበር እናቶችና እኅቶች ከዚህ ሕይወት የሚወስዱት ምንድን ነው? በዛሬው ጊዜ ማኅበርን የሚያፈርሰው ንጉሥ ወይም ወራሪ አይደለም። የሚያፈርሰው ድግስን ማብዛት ነው። አንዲቱ በተራዋ ብዙ ስታቀርብ ሁለተኛይቱ ከእርስዋ ላለማነስ ትበደራለች፤ ሦስተኛይቱ የምትበደርበት ስለሌላት ልጅዋ ታሟል፣ ቤትዋ ፈርሷል እያለች ትቀራለች፤ ቀስ በቀስም ስምዋ ከማኅበሩ ይጠፋል። የቀረችውም ብዙ ጊዜ ባልዋ የሞተባት ወይም ልጆችዋን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ከኹሉ ይልቅ ማኅበር የሚያስፈልጋት ናት። ልጅ በሞተባት ጊዜ ወለተ ጴጥሮስን ያጸናት ከእግዚአብሔር በታች የሰው አጠገብ መኾን ነበር፤ ያችን ድኻ በሐዘንዋ ቀን ማን ይጠጋታል?

ስለዚህ የተረኛዋ አቅም ትንሽ ሲኾን ማኅበርተኞች ሽሮውንና ዱቄቱን፣ ማገዶውንና ቡናውን አስቀድመው በስውር ያድርሱላት፤ ጽዋው በደረሰባት ቀን ፊትዋ በእፍረት ሳይኾን በደስታ ይብራ። ታማ የቀረችውን በዓሉ ሳያልፍ ድርሻዋን ይዘው ይጠይቋት። ተጣልተው የነበሩ ጽዋው ሳይነሣ ይታረቁ። ኦሮምኛ የምትናገረውና አማርኛ የምትናገረው ባንድ መሶብ ይቍረሱ፤ ባለጸጋዪቱ ለድኻዪቱ ውሃ ታስታጥብ። የማኅበሩ ሙሴም መዋጮ ብቻ ሳይኾን የእኅቶችን ኀዘን የምትቈጥር ትኹን። ካህናትም ወደ ማኅበር ሲጠሩ የሚበሉትን ሳይኾን ከማዕዱ የጐደለችውን ነፍስ ይጠይቁ።

የወለተ ጴጥሮስ ዘመን ነገሥታት ሠራዊት ነበራቸው፤ ሠራዊቱ ተበተነ። ከውጭ የመጡት መምህራን ብዙ መጻሕፍት ነበራቸው፤ ከአገር ተባረሩ። በቈላ ምድር የደረቀ እንጀራ የተካፈሉት ስደተኞች ማኅበር ግን ሥር ሰድዶ ሃይማኖትን ለትውልድ አሳለፈ። ይህ ደብር ኢዮቤልዩውን ሲያከብር ከሕንፃው ድንጋይና ከጕልላቱ ይልቅ ይህን የማዕድ አንድነት ይጠብቅ ዘንድ ይገባዋል፤ ልጆች ከእናቶቻቸው ጕልበት ሥር ተቀምጠው የእግዚአብሔርን ስም አስቀድመው የሚሰሙት በማኅበር ቀን ነውና።

የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ጸሎትና በረከት ለዚህ ደብር ካህናትና ምእመናን፣ ይልቁንም ጽዋ ለሚያነሡ እናቶችና እኅቶች ይደረግላቸው። ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።